የካርቶኑ ኪቦርድ

አሰላ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምርበት ወደነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መንግሥት የላከውን መሣሪያ ሁሉ በፊርማዬ የተረከብሁት እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያ የትምህርት ራዲዮው መጣ፤ ቀጥሎ በየክፍሉ የተሰቀለው ፕላዝማ፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሮቹ።

ኮምፒዩተሮቹ በዝናብ ከመኪና የወረዱ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የመረከቢያውን ቅጽ ዘረጋልኝና፣ «ባርሲሳ» አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። «አንዲት ማውዝ ብትጎድል ጡረታ ሲወጡ ክሊራንስ የምከለክልዎ እኔው ነኝ። ወዳጅነታችን እዚህ ቅጽ ላይ አይሠራም።» እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ልኬት እንዳይዛነፍ መጠንቀቅን ነው፤ ያንኑ ጥንቃቄ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ በር ቁልፍ አዛወርሁት።

መሣሪያዎቹን በላስቲክ ሸፈንኋቸው። የአሰላ ጭቃ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ እንዲወልቅ ደነገግሁ፤ በእርግጥ የሚያወልቅ ሰው ብዙም አልነበረም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እከፍታለሁ፤ ሲሄድ እቆልፋለሁ።

ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት የኮምፒዩተር መምህርት ነበረችን። በየሳምንቱ ቢሮዬ በር ላይ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ኮምፒዩተር የሚያውቁት በሥዕል ብቻ ነው እኮ።»

«መብራት ሄዶ ሲመለስ ቢያቃጥለውስ? የሚጠየቀው ማን ነው?»

«እሺ፣ እንግዲህ ቆልፈው ያሳድጉት፤ ሲደርስ ይዳሩታል።»

መምህራኑ ለአንድ ወር ያህል «ሠርጉ መቼ ነው?» እያሉ ተሳለቁብኝ። እሷ ግን ካርቶን ቆርጣ ኪቦርድ ሣለችበትና ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ተማሪዎቿ ተራ በተራ እየወጡ ፊደሎቹን በጣታቸው ይጫኑ ነበር።

ጡረታ ስወጣ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ክፍሉን አስከፍቶ ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። አብዛኞቹ ሲሞከሩ አልተነሱም፤ ቅጹ የሚጠይቀው ግን ስለ መኖራቸው እንጂ ስለ መሥራታቸው አልነበረም። ክሊራንሴን ይዤ ስወጣ በመምህርቷ ክፍል በኩል አለፍሁ። የካርቶኑ ፊደላት በጣት ብዛት ደብዝዘው፣ በእስክሪብቶ እንደገና ተጽፈው፣ ያም ደብዝዞ ነበር። እኔ ያስረከብኋቸው ኪቦርዶች ግን ገና የፋብሪካ ሽፋናቸው አልተላጠም።

ባለፈው ሳምንት ይህችው መምህርት ቤቴ መጣች። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች መጥተዋል፤ ፈራሚዋም እሷ እንድትሆን ተወስኗል።

«ምን ይመክሩኛል፣ ጋሼ?»

«ፈርሚና ክፈቺው» አልኋት። «ይንኩት፤ ይስበሩት።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?»

«እኔው ነኝ።»

«ቢሰረቅስ? ልጆች አሉኝ እኮ፣ ጋሼ። ማን ይጠየቅልኛል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ የኖርሁት ጥያቄ ነበር። እሷም ለመሄድ ተነሥታ ነጠላዋን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከነጠላው ሥር፣ ከነካርቶናቸው፣ ሁለት ትልልቅ ጓጉንቸሮች ነበሩ። ምክሬን ልትጠይቅ የመጣችው ከገበያ ስትመለስ ነበር።