ግራጫዋ መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ አጥሩን ሲቀባ፣ ቀለም የሚቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ በመስኮት ገብቶ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ወደነበረው ቤዝመንታችን መለሰኝ። አባዬ አሰብ ወደብ ላይ መርከብ ይቀባ የነበረ ሰው ነው፤ አገር የጠፋ ይመስል ባሕር የሚባል ነገር በአቅራቢያው በሌለበት በካናዳዋ ካልጋሪ መውደቁ እስካሁን ይገርመኛል።

በበረዶው ወራት እሱ ሺፍት ላይ ሲሆን፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ በሩን ራሴ ከፍቼ፣ ቲቪውን ለድምፁ ብቻ አብርቼ እጠብቀው ነበር። ሰው ከመናፈቄ የተነሳ ከፍሪጁ ጋር ሁሉ አወራ ነበር፣ አትሳቁብኝ። እናቴ የመግቢያ ወረቀቷ ስላላለቀ አዲስ አበባ ቀርታለች። አንድ ቀን አባዬ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መርከብ ገዝቶ መጣ፤ ድሮ በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል መንገደኛ ያመላልሱ ከነበሩት ግዙፍ መርከቦች የአንዷ አምሳያ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እያጣበቅናት፣ ሀብታሙ ከላይ በሙዚቃ ሲደንስ ስደተኛው ከታች ተጨናንቆ እንዴት ይሻገር እንደነበር ይነግረኝ ነበር።

ተገጣጥማ ስታልቅ ግን ከነመስኮቶቿ ግራጫ ቀባት።

«ጦርነት ሲመጣ ምንጣፉን ያወርዱና ወታደር ይጭኑባታል፤ ጠላት እንዳያያት እንዲህ ትቀባለች። ሰላም ሲሆን ወደ ነጭ ቀለሟ ትመለሳለች» አለኝ።

«የኛዋስ?»

«እናትሽ ስትመጣ እንቀባታለን፣ ካፒቴን።»

ነጩን ቀለም ገዝቶ አስቀመጠ። እሑድ እሑድ ለእናቴ ከደወልን በኋላ፣ እንዳይደርቅ ቆርቆሮውን ከፍቶ ያማስለው ነበር። በረዶው ቀልጦ፣ ሣሩ ወጥቶ፣ ትምህርት ሲዘጋ ማማሰሉን ተወ። እኔም ፈራሁ። እሱ ሥራ በሄደበት ቆርቆሮውን በማንኪያ ፈልቅቄ፣ መርከቧን ነጭ አድርጌ፣ ጠረጴዛውንም ራሴንም ቀብቼ ጠበቅኩት።

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቆሞ አያት። «መርከቧ ስትቀባ እማዬ ትመጣለች ብዬ ነው» አልኩት። አልተቆጣም። ተቀምጦ፣ ግራጫውን አውጥቶ፣ በነጩ ላይ እንደገና ቀባት።

«ገና ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። ለካ ወረቀቷ ውድቅ መሆኑን ሰምቶ፣ እንዴት እንደሚነግረኝ ጠፍቶት ነበር።

እናቴ የመጣችው አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ነው። ኤርፖርት እጇን ዘርግታ ስትጠብቀኝ፣ እንደ እንግዳ ጉንጯን ስሜ ሻንጣዋን ተቀበልኳት። ስለ ቀለሙ አባዬም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

አባዬ ካረፈ ቆየ። እዚሁ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ አሁን ከእማዬ ጋር ነው የምኖረው፤ «በላሽ?» «በላሁ» ተባብለን በየክፍላችን እንገባለን። ያኔ ባዶ ቤት ውስጥ አወራ ነበር፤ ዛሬ ሰው እያለኝ ዝም እላለሁ። ጎረቤቴ አጥሩን በቀባበት ቅዳሜ መደርደሪያ ስትወለውል «ይቺን አመድ የመሰለች መርከብ አትጥያትም እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ ስትመጪ ልንቀባት ነበር» አልኳት።

ጨርቁን አስቀምጣ መርከቧን አነሳቻት።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከመጣሁ ሃያ ዓመቴ ነው።»