ጋቢው ብቻውን መጣ

ዳባት፣ ንጋት

የድርቁ ዓመት ነው፤ ጥቅምት ሊያልቅ ተቃርቧል። ገና ወገግ ሳይል ወደ ጎንደር በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። ወንድሜ ታከለ መስከረም ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር። ባለፈው ሳምንት እናቴ የፈተለችለት ጋቢው ብቻውን መጣ። በእኛ አገር ከበረሃ ጋቢ ብቻውን ከመጣ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ከሦስት ሰው አፍ አልፎ የደረሰን ወሬም “ለባሹን አይከል ላይ ወባ ገደለው” ይላል። ተለቀሰ፤ ለተዝካሩም ካለችን ላይ እህል ተሰፈረ።

ከዚያ እናቴ ዝም አለች። እኔን ያናደደኝ ይኸው ዝምታዋ ነው።

“እማ፣ እንዴት አስቻለሽ?” አልኋት ስሰናበታት።

“እግዜር መሐሪ ነው። ምሕረቱን ግን እንዲህ አርግልኝ ብየ አላዘውም። አንች ብቻ በወጉ ተቀብሮ እንደሆነ እይልኝ።”

አይከል፣ ከቀትር በኋላ

ከአዘዞ ወዲህ መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። የተሳፈርነው ባዶ ጆንያ ላይ ነው። አጠገቤ ሁለት ጎጃሜ አጫጆች ተቀምጠዋል። ገና ወሬ ሳይጀምሩ የክርስትና ስማቸውን ተነጋገሩ።

“ይኸ ደግሞ ምን ይረባችኋል?” አልኋቸው።

“አንዳችን በረሃ ብንቀር ሌላው ለቄስ የሚነግረው እንዳያጣ ነው” አለኝ ጢማሙ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

አይከል ወርጄ ቤተ ክርስቲያኑን ጠየቅሁ። ሽማግሌው ቄስ መቃብሩን አሳዩኝ፤ አፈሩ ገና እንደተቆለለ ነው። “ታማሚውን ያመጣው ሾፌር ጋቢውን ለባለቤቱ እናት አደርሳለሁ ብሎ ወሰደው፤ እኛ በሰሌን ገነዝነው። የክርስትና ስሙን የሚነግረን ግን አጣን” አሉኝ።

“ወልደ ገብርኤል ነው፣ አባ።”

በዚያ ስም ፍትሐት ፈቱለት። እኔም እስኪበቃኝ አለቀስሁ። የእናቴ መልእክት እዚህ ላይ አልቆ ነበር፤ የመጨረሻ ቃሉን ከጓደኞቹ ልስማ ብየ ግን ቀጠልሁ።

ገንዳ ውሃ

ሙቀቱ ልብስ ያስጥላል። ሻዩ እንደ ሱዳኖቹ ግማሹ ስኳር ነው። ኬላው ላይ አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና “ለምን ጉዳይ?” አለኝ።

“የሞተ ወንድም ልጠይቅ።”

“የሞተ አይጠየቅም” አለ። ጥቁር ልብሴን ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እለፊ” አለኝ።

መተማ፣ እርሻው

የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ ቆሟል፤ አጫጆቹ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ምሳ ይበላሉ። “የታከለ ጓደኞች የት ናቸው?” ብየ ሳልጨርስ ከመካከላቸው አንዱ ማጭዱን ጥሎ ተነሣ።

ታከለ ነው። ልብሴን አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

“እትየ፣ እማ ሞተች?”

“አንተ” አልሁት።

በጥፊ ልለው ያነሣሁት እጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። መሬት ላይ ተቀምጨ ሳቅሁ፣ አለቀስሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርሻ የሚባል የላስታ ልጅ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ታከለ ጋቢውን አልብሶ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ጫነው። ሾፌሩንም “ሲድን ጋቢዋን ለእናቴ ላክልኝ” አለው። መርሻ አይከል ላይ መሞቱን ታከለ ከእኔ ሰማ።

“እናቱስ?” አልሁት።

“ቤተ ሰቦቹ ሁሉ በድርቁ አለቁበት። ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።”

አይከል፣ መልስ

“አባ፣ ጉድ ሠርቸዎታለሁ፤ በሕያው ሰው ስም አስፈታሁዎት” አልሁ አፍሬ። ታከለን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“ስም የምንስት እኛ ነን፣ ልጄ። እሱ የሚምረውን አይስትም” አሉ። “በሉ ትክክለኛውን ንገሩኝ።”

“ኃይለ ጊዮርጊስ” አለ ታከለ፤ ከመርሻ ጋር በረሃ ሲወርዱ ተነጋግረውታል። አባ እንደገና ፈቱ። የእናቴ ዝምታ ምን እንደነበረ የገባኝ እዚያ መቃብር አጠገብ ነው፤ ምሕረቱን ለእግዜር መተው እንጂ ተስፋ መቁረጥ አልነበረም። ቀናሁባት።

ዳባት

እናቴ የታከለን ፊት እንደ ዓይነ ስውር ዳሰሰች። “ተመስገን” አለች፣ ደጋግማ። ጎረቤት እልል አለ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ አክስቴ ደግ አሰብሁ ብላ፦

“በዚህ ክፉ ዓመት፣ እንግዲህ የተዝካሩ እህል ወደ ጎታው ይመለስ” አለች።

ክፋት የለባትም፤ ጎታው ምን እንደያዘ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ግን ወደ ታከለ ዞረች።

“በጋቢየ ውስጥ የሞተውስ?”

ታከለ ነገራት። ጋቢውን አንሥታ ጥለቱን ስትዳብስ ቆየችና “የተሰፈረው አይመለስም” አለች።

በተዝካሩ ቀን ቄሱ ለማን እንደሚጸልዩ ጠየቁ። ታከለ ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው።

“ኃይለ ጊዮርጊስ ይበሉልኝ፣ አባ። ልጄ ነው።”