ልጄን ልመልስ የሄድኩ ዕለት

ልጄ ከቤት ከወጣች አምስት ወር ሆኗት ነበር። "ወጣች" የምለው ለሰው ሲሆን ነው። በአፌ "ውጪልኝ" ባልላትም ያባረርኳት እኔው ነኝ። ሳን ሆዜ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ክፍሏን ላጸዳ ገብቼ መስኮቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አገኘሁ። ላይዋ ላይ ሻማ፣ የባሕር ድንጋይ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የወፍ ላባ፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች በሥርዓት ተደርድረዋል። ለጌጥ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ለጌጥ ብሎ ፊት ለፊቱ የመንበርከኪያ ትራስ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሁሉንም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ ግቢው ውስጥ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ክፍሉን ጸበል ረጨሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ። ማታ መጥታ ስታይ አልጮኸችም። እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ አዎ እኔ ነኝ አልኳት፣ ኮራ ብዬ። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ኦክላንድ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ሼር አድርጋ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በቴክስት ነበር። ደህና ነሽ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ፣ ምግብ ብዪ እላታለሁ፣ አለቀ። እኔ ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስገጣጥም የምውል ሰው ነኝ፤ አጠገቤ የሚሠሩት ሐበሾች ልጅሽ እንዴት ናት ሲሉኝ ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ እዋሻለሁ። ውሸቱም ለመደኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ደወለች። ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው አንድ ነገር ሆነች ብዬ የያዝኩትን ጥዬ አነሳሁት። ደህና ናት። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነገረችኝ፤ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ሲገባ ሰዎች ተሰብስበው እሳት ያነዳሉ፣ ያለፉ ሰዎቻቸውን ያስባሉ፣ እሷም ከእነሱ ጋር ናት። አንድ ጊዜ መጥቼ በዓይኔ እንዳይላት ትፈልጋለች። ከመጣሁላት የገና ዕለት ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለምናት እምቢ ስትለኝ የኖረች ልጅ! የምን ሃይማኖት ነው ስላት "ፔገን ነው እማ" አለችኝ፣ ሳትጠመዝዝ። ምሳ ሰዓት ላይ ቃሉን ስልኬ ላይ ብጽፈው "አረማዊ" ብሎ ተረጎመልኝ። ሽሮዬን ሳልጨርስ ምሳ ዕቃዬን ዘጋሁ።

የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ አይሆንም አሉኝ፤ ልቅሶዬ ሲቀድመኝ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሂጂ፣ አትቀላቀዪ፣ የሚሰጡሽን አትብዪ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ አሉኝ። "እሺ አባ፣ ይጸልዩልኝ" ብዬ ዘጋሁ። እንግዲህ ልጎበኝ አይደለም የሄድኩት፣ ልጄን ልመልስ ነው። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የቱ ጋ እንደምቆጣ፣ የቱ ጋ እንደማለቅስ ሳይቀር። ማታ አብረን እንደምንመለስ እርግጠኛ ስለነበርኩ አልጋዋን አንጥፌላት ነው የወጣሁት።

ይባስ ብሎ ቀኑ ሚካኤል ነበር። እሁድም ነው፣ የገና ጾምም ነው። ጠዋት አስቀድሼ ከሰዓት በኋላ ወደ አረማውያን፤ ወይ እኔ! ሄይዋርድ ላይ ትራፊኩ ቀጥ ሲል ይሄ የመልአኩ ሥራ ነው፣ ተመለሺ ማለቱ ነው እያልኩ መሪዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ እኔም ነዳሁ። ቦታው ደግሞ ኦክላንድ ውስጥ ቴሜስካል ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበትን ሰፈር መርጠው! የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ መኪናዬን ሦስት ብሎክ ርቄ አቆምኩ፣ ነጠላዬን ከኋላ ወንበር ላይ ትቼ የጃኬቴን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። ሌባ መስዬ ነበር።

ልጄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። አቀፈችኝና ቶሎ ለቀቀችኝ፣ እኔ ግን ልለቃት አልፈለግኩም ነበር። ግቢው ከአንድ አሮጌ የእንጨት አዳራሽ ጀርባ ነው። ምን እንደጠበቅኩ እንጃ፤ ቀንድ ያለው ነገር፣ ደም፣ ጥቁር ካባ። ያገኘሁት ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎችን ነው፤ የዝናብ ጫማ ያደረጉ ጡረተኞች፣ ሕፃን ደረታቸው ላይ ያሰሩ ባልና ሚስት፣ ሥራ ቦታ ብናገኛቸው ሰላም የምንላቸው ዓይነት። እሳቱ በትልቅ የብረት ጎድጓዳ ውስጥ ይነዳል፣ አጠገቡ ሁለት የእሳት ማጥፊያ ቆሟል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰይጣንም የሚጠራው በፈቃድ ነው አልኩ በሆዴ። አንድ ሽማግሌ ብስኩት ሊሰጡኝ ሲሉ ልጄ ቀደመቻቸውና በሶፍት የጠቀለለችውን ዳቦ ሰጠችኝ። ጾም ላይ መሆኔን አስታውሳ ቅቤም እንቁላልም የሌለው ራሷ ጋግራልኝ ነው። አባ አትብዪ ብለውኛል፤ ግን ልጄ በእጇ የጋገረችውን እንዴት አልበላም? በላሁት፣ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

አገሬ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው የምትጠልቀው፣ በጋ ነው ክረምት ነው ብላ ብዙ አታንገላታም። እዚህ በታኅሣሥ አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትሄዳለች፤ እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡት እሷን ሊሸኙ ነበር። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ክብ ሠርተው ቆሙ። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አንዲት ሴትዮ መሐል ገብተው ወደ አራቱ አቅጣጫ እየዞሩ መናፍስት ይጣሩ ጀመር። እኔ በዞሩ ቁጥር ጃኬቴ ኪስ ውስጥ በአውራ ጣቴ አማትባለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ልደግም ብዬ መሐሉ ላይ ጠፋኝ፣ በሕፃንነቴ የያዝኩት ጸሎት! ልጄ ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ቆማ ነበር፣ ዓይኗን ጨፍናለች። እንደዚህ ተረጋግታ ያየኋት መቼ እንደሆነ ላስታውስ አልቻልኩም፣ ይሄም አናደደኝ።

ከዚያ ሴትዮዋ መሬቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ሁሉም ሰው ካለፉት ዘመዶቹ የቀረውን ዕቃ እንዲያኖርበት ጋበዙ። አንዱ የአባቱን መዶሻ አኖረ፣ ሌላው የእናቱን መነጽር። አንዲት ሴት ከአንገቷ ዶቃ አወለቀች፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ በወፍራም ክር የተሰካ። የአያቴ ነው ብላ ሳመችና አስቀመጠችው። ዶቃውን ሳይ የልጄን ክንድ ያዝኩ። የእሷም ተራ ደርሶ ነበር። ከኪሷ የእናቴን ፎቶ አወጣች፣ የላኩላትን ፎቶ ነው ወረቀት ላይ ያሳተመችው። በእንግሊዝኛ፣ እኔም እንድሰማት ቀስ ብላ ተናገረች። ይህች አያቴ ናት፣ አላውቃትም፣ የእሷ የሆነ ምንም ዕቃ የለኝም አለች። እናቴን ስጠይቃት ቤተ ክርስቲያን ትወድ ነበር ትለኛለች፣ ከዚያ በላይ አትነግረኝም አለች። ማንም ዞሮ አላየኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትወድ ነበር፣ አልዋሸሁም። ግን ጨሌም ነበራት። የዛር ዶቃ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ እናቷም ከእናቷ። ሣጥኗ ውስጥ ከቀሚሶቿ ሥር በጨርቅ ቋጥራ ታኖረው ነበር። በዓመት አንድ ቀን በሯን ዘግታ ታወጣዋለች፣ ሽቶ ትቀባዋለች፣ አንገቷ ላይ አጥልቃ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች። የማርያም ማኅበርተኞቿ ቢሰሙ ጉዷ ነው፤ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም፣ በበሩ ስንጥቅ አይቼ ነው ያወቅኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ ከእኔ በላይ ክርስቲያን ላሳር የምልበት ሰሞን። አንድ ሰባኪ ጨሌ ያለበት ቤት በረከት አይገባም ሲሉ ሰማሁና እናቴ ገበያ በሄደችበት ሣጥኗን ከፍቼ ወሰድኩት። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ያን ዕለትም ምሳዬን በልቻለሁ።

እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ፈለገች። ለማን ትናገር? የለኝም ስትል የኖረችውን ነገር ጠፋብኝ ትላለች? ሣጥኑን ገለበጠች፣ የጤፉን ጆንያ ክንዷን አስገብታ ዳበሰች፣ የተጣለውን ጥራጊ ተቀምጣ በተነች። ሁሉንም ዝም ብላ። በአራተኛው ቀን ተወችው። ከዚያ በኋላ ሲያንጎራጉር የሚሰማ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። በሯን ዘግታ መቀመጥ ተወች፣ ሰው ድንገት ሲገባ ትደነግጣለች፣ የራሷ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን ትቀመጥ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ስላላቋረጠች እኔ አዳንኳት ብዬ አመሰገንኩ፤ አቤት ድንቁርና! አሜሪካ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ሞተች። አልነገርኳትም።

እሳቱ ዳር ቆሜ አረማውያኑን ረሳኋቸው። የመጡት መናፍስት ይምጡ፣ እኔ የማየው ጥቁሩን ፌስታል ነው። አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ጊዜ፣ በእናቴም በልጄም ላይ ሠርቼ አልታወቀኝም ነበር። ሰዎቹ መዝፈን ሲጀምሩ አልዘፈንኩም፣ አልጸለይኩምም። ቆሜ ጨለማው እስኪገባ ጠበቅኩ።

ሲያበቃ ልጄ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ካዘጋጀሁት ንግግር አንዱም አልመጣልኝም። በርዶናል፣ ገብታ ተቀመጠች፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ስለ አያትሽ ልንገርሽ ብዬ ጀመርኩ። ጨሌ የሚለውን ቃል ስለማታውቀው እንደ ሴትዮዋ ዶቃ ያለ ነው አልኳት። የት እንዳገኘሁት፣ የት እንደጣልኩት፣ ሦስቱን ቀን እናቴ እንዴት እንደፈለገች ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስክጨርስ ሰማችኝ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"አንቺ እንደሆንሽ አወቀች?"

"አላወቀችም።"

"እኔ አንቺ መሆንሽን ስላወቅኩ ትቼሽ ወጣሁ" አለችኝ። "እሷ ማንን ትታ ትውጣ?"

አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፣ ግን ለእኔ አልነበረም ያለቀሰችው። ይቅርታ አድርጊልኝ ስላት እኔን አይደለም መጀመሪያ የምትጠይቂው አለችኝ፣ ይህን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቃሏ ቃል እንደሆነ፣ ለገና እንደምትመጣ ነገረችኝ። ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ቤት አትገባም፣ ከዚያው ትመለሳለች። ጉንጬን ሳመችኝና ወርዳ ሄደች። እኔም ብቻዬን ወደ ሳን ሆዜ፣ ወዳነጠፍኩት አልጋ ነዳሁ።

የነገርኳት ግማሹን ነው። በሁለተኛው ቀን እናቴ ጠርታኝ ነበር። አንድ ነገር ወድቆብኛል፣ ፍራሹን ያዥልኝ አለችኝ፤ ምን እንደወደቀባት አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ፍራሹን ከአንድ በኩል ከፍ አድርጌ ያዝኩላት። ተንበርክካ አልጋው ሥር በእጇ ዳበሰች፣ ዳበሰች፣ ደከማት። እስቲ አንቺ እይልኝ አለችኝ። አጎንብሼ አየሁላት፣ "ምንም የለም እማዬ" አልኳት። ይህን ለልጄ ብነግራት ለገናም አትመጣም ብዬ ፈራሁ።