ሁለት ክፍል ለመምህርት አኬሎ

መምህርት አኬሎ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ያገኛችሁትን ወጣት ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ብትጠይቁ፣ እሷ ዘንድ የተማረ አይጠፋም። ለራሷ ግን አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም። በመጋቢት ሙቀት እንኳ ለክፍሏ ቬንትሌተር ይገጠም ብለው ያመለከቱት ተማሪዎቿ ናቸው። የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ኦማን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ፈተናት፣ ወደዳትና የሥራ ውል ላከላት። ያተምኩላት እዚሁ የስልክ ጥገና ሱቄ ነው፤ ዘጠኝ ገጽ። ደመወዙ በወር ሰባት መቶ ሪያል፣ መኖሪያው አንድ ክፍል፣ ትኬቱ በዓመት አንድ ጊዜ። ሰባተኛው ገጽ ላይ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች፦ በባለ አንድ ክፍሉ መኖሪያ ልጅ ይዞ መኖር አይፈቀድም፤ ባለ ሁለት ክፍል የሚሰጠው ባልና ሚስት ሆነው ለሚመጡ ነው።

የአኬሎ ባል ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ አቢጋኤል ናት።

«ልጅቱስ?» አልኳት።

«ከአጎቴ ጋር ትቆያለች። ሁለት ዓመት ነው። ምን ላድርግ ዘርአብሩክ፣ ደንባቸው ነው።»

«ጠየቅሻቸው?»

«ኧረ ምን ብዬ! ገና ሳልቀጠር ይህን ጨምሩ፣ ያን አሻሽሉ ልበል? ምን ይሉኛል?»

በማመልከቻው ላይ «የሚፈልጉት ደመወዝ» የሚለውንም ቦታ «እናንተ እንዳያችሁት» ብላ ነበር የሞላችው። እነሱም እንዳዩት አደረጉ።

አጎቷ አቶ አባንግ የእናቷ ወንድም ናቸው። አቦቦ እርሻ ልማት ሃያ ዓመት ትራክተር ነድተዋል፤ አማርኛቸውም የዚያ ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ። አቢጋኤል ያደገችው እሳቸው ግቢ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው፣ ዓሣ ሲበላ አጥንቱን ለቅመው አውጥተው የሚያጎርሷት እሳቸው። አኬሎ ውሉን ስታስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ከሚቀጥርሽ ሰውዬ ጋር አገናኚኝ» አሉ።

«አጎቴ፣ ሥራ እኮ ነው። ጋብቻ አይደለም።»

«ልጅ ከቤት እየወጣች ነው?»

«አዎ።»

«ሩቅ?»

«ሩቅ።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው? በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትወጣ ስለ ራሷ አትከራከርም። ለድርድር የእናቷ ወንድም ይቀመጣል።»

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ላፕቶፑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁ፤ በመብራቱ መተማመን አይቻልም። አቶ አባንግ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው ካሜራው ፊት ተቀመጡ። በወዲያ በኩል ሳሊም የሚባል የቅጥር ኃላፊ ወጣ፤ ትሁት ሰው ነው።

«በአማርኛ ነው የምናገረው» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ይህ ልጅ ምስክር ነው፤ ይስማ። አኬሎ፣ አንቺ ለሰውየው ተርጉሚ። ቤቱ ስንት እርምጃ ነው በይው።»

ሳሊም ግራ ገባው። ሠላሳ ካሬ ይሆናል አለ።

«አልጋውስ? ልጅቱ ቀጭን ናት። ለሁለት ይበቃል በይው።»

ሳሊም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን አልጋው እንዳልሆነ፣ ደንቡ ባለትዳር ለሆኑ እንደሚል በትሕትና አስረዳ። አቶ አባንግ ወንበራቸውን አስተካከሉና ረጅም ንግግር ተናገሩ። አኬሎ አንገቷን ደፍታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

«እኔ ይህን ያህል ተናገርኩ፤ ያንቺው እፍኝ አይሞላም። እንግሊዝኛ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?»

«አጎቴ፣ አይባልም። ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል።»

«ማን አመስግኚ አለሽ? የማመሰግነው እኔ ነኝ። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። እንግሊዝኛው እኔም ይገባኛል። «አጎቴ እንዲህ ይላል» ብላ ጀመረች። «ይህች ሴት ባሏን ቅዳሜ ቀብራ ሰኞ ክፍል ገብታለች። መንገዱ በጎርፍ ሲዘጋ በጀልባ ተሻግራ አስተምራለች። ሰባት ዓመት ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። ባል የለም ማለት ቤተሰብ የለም ማለት አይደለም፤ እናትና ልጅ ቤተሰብ ናቸው።» ቅዳሜ የሚለው ላይ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ግን አላቆመችም። ሳሊም መጻፉን ትቶ ያዳምጣል።

አቶ አባንግ ፊታቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ እሷ ቀጠለች። የራሳችሁ የሥራ ማስታወቂያ አስር ዓመት ለሠራ ሰው ስምንት መቶ ሃምሳ ይላል አለች። ሁለት ክፍል እፈልጋለሁ፤ ለልጄም ትኬትና የመኖሪያ ፈቃድ። ሁለቱ ክፍል ከሌለ አልመጣም።

«ምን አልሽው?» አሉ አጎቷ። «እኔ እኮ ዝም ብያለሁ።»

«የረሳኸውን ጨመርኩበት።»

ዞረው እኔን አዩኝ። «ልክ ተናገረች?»

«ልክ ነው አባባ።»

መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ። ሁለቱ ክፍል ተፈቅዷል፤ የልጅቱ ፈቃድና ትኬትም። ደመወዙ ሰባት መቶ ስልሳ ብቻ ሆነ፤ ለቤት ዕቃ ይሰጥ የነበረውንም ሰረዙት። አኬሎ አልፈረመችም። እዚያው ሱቄ ቆማ፣ ቢያንስ ለልጅቱ አልጋ አስገቡልኝ ብላ ጻፈች። በማግስቱ አስገቡ።

ስትፈርም አቶ አባንግ መጡ። የአቢጋኤል ስም የት እንደተጻፈ አሳየኝ አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አደረግሁት፤ ቶሎ አላነሱትም። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«አባባ፣ እምቢ ቢሉ ኖሮ እኮ ልጅቱ ለእርስዎ ትቀር ነበር።»

«ትራክተር ነዳሁ እንጂ ሞኝ ነኝ እንዴ? አውቃለሁ» አሉ።

ከዚያ ፊት የሚያሳይ ስልክ ጠየቁኝ። አንድ ያገለገለ ነበረኝ፤ መስታወቱን ቀይሬ፣ በየትኛው ምልክት እንደሚነሳ አሳየኋቸው። አቢጋኤል የእናቷን ስልክ ይዛ ከሱቁ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ቆመችና ደወለች።

«አቢጋኤል! ትሰሚያለሽ?» ብለው ጮኹ።

«አባባ አትጩህ! ያለ ስልክም እሰማሃለሁ።»

«እንግዲያ ራቅ በይ።»

ራቀች። «አሁንስ?»

«ትንሽ ራቅ በይ።»

ባጃጅ ተራውን አልፋ፣ ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ከሱቁ በር ላይ ሆነን አትታየንም። ስልኩ ላይ ግን ጥርሷ ሳይቀር ይታያል። «አባባ፣ አሁንስ? ይበቃል?» ትላለች።

አቶ አባንግ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩዋታል። መልስ ይስጧት ብዬ ልነግራቸው ነበር፤ ተውኩት።