የድንጋዩ ሰውዬ ጃንጥላ

በደርግ ጊዜ ነርስነት እንድማር የተላክሁባት የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ከብቸና ብዙም አትበልጥም። አንድ አደባባይ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ አላፊ አግዳሚውን የሚሰልል ሕዝብ። በዚህ እንኳ እኛ እንሻላለን፤ ብቸና ላይ ሰው የሚያየው መጋረጃ ሳይፈልግ ነው።

አደባባዩ ላይ ደወል ያለው ግንብ አለ። ከበሩ በላይ ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ ጽዋ የያዘ የድንጋይ ሰውዬ ቆሟል። ደወል፣ ጢም፣ ጽዋ! ሌላ ምን ልጠይቅ? በየማለዳው ነጠላዬን አጣፍቼ በሩን ተሳልሜ ወደ ትምህርቴ አልፍ ነበር።

በክረምቱ እናቴ ደብዳቤ አስጻፈች፤ ወንድሜ ሞጣ ገበያ በወጣበት ለውትድርና ታፍሷል። ሮጬ ከበሩ ሥር ወደቅሁ።

«አባቴ፣ ስምዎን ባላውቀውም፣ ወንድሜን በሕይወት ከመለሱልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ።»

ለፋሲካ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ወንድሜ ታሞ ከማሠልጠኛው ተሰናብቶ ቤቱ ገብቷል። እልልታዬን በትራስ አፍኜ፣ ዘርፍ ባይኖረውም ደህና ቀይ ጃንጥላ ገዛሁ። ከዚያ አከራዬን አሮጊቷን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ የአደባባዩን ስለት የሚረከበው ቄስ የት ይገኛል?»

«የምን ቄስ? እሱ እኮ ማዘጋጃ ቤት ነው።»

«ጻድቁስ?»

«የድሮ ከንቲባ ነው፤ ቢራ ጠማቂ። ከተማዋ ስትቃጠል ውሃ ቢያልቅ በቢራው እሳት አጠፋ ይባላል። የተረፈውን ደግሞ ጠጣው።» ሳቃቸው አላስጨርስ አላቸው። «እኛማ ይህች ልጅ ከከንቲባው ምን አላት ስንል ከረምን!»

ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። ለጠማቂ ተሳልሁ፣ ስለቴም ሠመረ፤ አሁን ለማን ልስጥ? ብቸና ላሉት ለንስሐ አባቴ አንድም ሳልደብቅ ጻፍሁ። መልሳቸው አጭር ነበር።

«ልጄ፣ ዮናስ ከዓሣ ሆድ ጸልዮ ተሰምቷል፤ አንቺም ከማዘጋጃ ቤት በር። የሰማሽ እግዜር ነው፤ ከንቲባው ምን ቤት ነው? ጠማቂ እንደሆነ እዚህም ሞልቶናል። ጃንጥላውን ወዲህ ላኪው።»

አገር በሚገባ ተማሪ እጅ ላክሁት። ወንድሜ ራሱ ተሸክሞ ለቤተ ክርስቲያናችን አስገባው።

ዛሬም እዚችው ከተማ ነኝ። በሩን መሳለም ትቻለሁ። ሰውየውን ግን፣ ማንም የማያይ ሲመስለኝ፣ እጅ ነሥቼው አልፋለሁ፤ ቢራውን ለጎረቤት እሳት ያፈሰሰ ጠማቂ ብቸናም ሞጣም አላጋጠመኝም።