ለአስራት ያላነበብኳቸው ገጾች

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም። ሁሉን ነገር ለምዘከዝክላት የዶርም ጓደኛዬ ለሰላም እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

እኔ በግቢ ቋንቋ «ሰቃይ» የምባል ነኝ፤ ፈተና የማይበግረኝ፣ ውጤቴ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው ያደግኩት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የማውቀው መንገድ ከቤት ትምህርት ቤት፣ እሁድ ደግሞ ቸርች ነበር። ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ደረሰኝና ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ገባሁ። ኧረ ያን ሰሞን እንዴት ልንገራችሁ! በመጀመሪያው ሴሚስተር ሙሉ አራት ሳመጣ ክበቦቹ ሁሉ «ነይ እኛ ጋ!» ይሉኝ ጀመር። ክርክር ገባሁ። ደም ልገሳ ገባሁ። ድራማ ገባሁ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያነበው ክበብ ውስጥም ገባሁ። እንቢ የሚባል ቃል ጠፋኝ! ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ስሮጥ ምሳ ያመለጠኝ ቀን ብዙ ነው፤ ግን ማን ምሳ አስታወሰ?

የንባብ ክበቡ የመደበልኝ አስራትን ነበር። ከጎጃም የመጣ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ እንደ እኔው ፍሬሽ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ልጅ ነው። ሕግ መማር ይፈልጋል። ሁለተኛ ምርጫህን ንገረን ሲሉት «አሁንም ሕግ» ያለ ጉደኛ ነው። ሕግ ለመግባት ደግሞ የአንደኛ ዓመት ውጤቱ ከፍ ማለት ነበረበት። የሎጂክ መጽሐፉ በብሬል አልነበረም። ስለዚህ እኔ እያነበብኩ በስልኬ እቀዳለታለሁ፣ እሱ እየሰማ ያጠናል። እኔ ያላነበብኩት ነገር ለእሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ይህን አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ አውቅ ነበር!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኜ ምዕራፍ አምስትን እቀዳለሁ፤ የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶች የተዘረዘሩበት ረጅሙ ምዕራፍ ነው። ስልኬ ላይ የሰላም መልእክት መጣ፦ «ዋናዋ ተዋናይ አሁን እየተመረጠች ነው፤ ስምሽን ሁለቴ ጠሩት፣ ቶሎ ነይ!» ልቤ ዘለለ። ድራማው ከግቢ ወጥቶ ከተማ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ሊታይ ነው! የቀሩኝን ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረግኳቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። ከዚያ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና፣ ሁሉም በሚያደንቀው በዚያ ድምፄ፣ «ምዕራፍ አምስት እዚህ ላይ ተጠናቀቀ» አልኩ። ረስቼ አይደለም። ተሳስቼም አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ነገ እሞላዋለሁ ብዬ ቅጂውን ላክሁለትና በረርኩ። ነገም ከነገ ወዲያም ልምምድ ነበረኝ።

ተመረጥኩ! አትታዘቡኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ፣ እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ አስራት ከኋላ ሲያፏጭልኝ፣ ያን ቀን የሚያክል ቀን አይቼ አላውቅም። ሲያፏጭልኝ ገጾቹ ትዝ አሉኝ? አላሉኝም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላሉኝም።

ፈተናው መጣ። ብዙው ጥያቄ የወጣው ከእነዚያ ገጾች ነው። እኔ እየተፍለቀለቅኩ ሠርቼ ስጨርስ ነው አስራት ትዝ ብሎኝ ክው ያልኩት። ሎጂክ ላይ «ሲ» አገኘ። ሕግ ለትንሽ አመለጠውና ታሪክ ተመደበ።

ምደባው በወጣ ማግስት ላይብረሪው በር ላይ ጠበቀኝ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ እኔው ቀድሜ ሰላም አልኩት። «እህቴ» አለኝ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ያን ያህል ደክመሽልኝ እኔ አሳፈርኩሽ። ሦስቴ ብቻ ነው የሰማሁት፤ መድገም ነበረብኝ።»

እኔስ ምን አልኩት? «ኧረ ምንም አይደል፣ አይዞህ!» አልኩት። ይቅር አልኩት! እኔ፣ እሱን! ከዚህ የባሰ ምን አለ? ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚል?

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነን። በቀደም አስራት በዚያው ሳቁ ጠራኝና፣ ቅጂዎቼን ለዘንድሮ ዓይነ ስውራን ፍሬሾች በሙሉ እንዳደላቸው አበሰረኝ። «ድምፅሽን ወደውታል!» አለኝ። አንዷ እንደ እሱ ሕግ ካልሆነ ብላለች አሉ። ፈተናቸው ገና ነው። ዶርሜ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አሥራ ሰባቱን ገጾች አነበብኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። የአስራት ሕግ አርባ ደቂቃ ነበር።

ቅጂውን ለልጆቹ ልኬላቸዋለሁ። ለአስራት ግን ቅጂ መላክ አይበቃም። ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም፤ ደስታዬን ከእሱ አስበልጬ ነው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። «ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅከኝ በእኔ ጥፋት ነው» እለዋለሁ። ከዚያ የፈለገውን ይበለኝ፤ ሳላቋርጠው እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።