የኋላ መብራቱን የሸፈነው ጨርቅ

ቁጡ ነህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጆቼም ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሰምተው አላደጉም። የዚያ ቀይ ጨርቅ ነገር ሲነሳ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እቆጣለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። መንግሥት ከገበሬው በኮታ የሚሰበስበውን እህል ከሞጣ ወደ ቢቸና የምታመላልስ የማህበር መኪና እነዳ ነበር። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ደህና ሆኖ የምታስቸግረኝ በኋላ መብራቷ ነው። ፍሬን ስረግጥ መብራት ያለበት ቀዩ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። አምፖል ብቀይር አልሆነም። ለካ ሽቦው ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ ኖሯል።

ሁለተኛውን የማህበሩን መኪና የሚነዳው ጓደኛዬ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ ይመጣል። በበጋ የዚያ ጥርጊያ መንገድ አቧራ ሌላ ነው፤ ከፊት ያለውን መኪና እንዳለ ይውጠዋል።

«እኔ የማየው ያችን ቀይህን ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። «እሷ ከጠፋች ጭነትህ ላይ ወጥቼ ታገኘኛለህ።»

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን አብረን ሠራናት። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አዲስ ሽቦ አሰርኩ። እኔ ጋቢና ገብቼ ፍሬን ስረግጥ፣ እሱ ከኋላ ቆሞ «በራ» ይላል፤ ስለቅ «ጠፋ» ይላል። ሲበቃው «ውረድ እንግዲህ፣ ይህ መብራት ለሰርግም ይሆናል» አለኝና ተሳሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት እህሉ ተጭኖ ካድሬው መጣ። መፈክር የተጻፈበት ሰፊ ቀይ ጨርቅ ይዞ ከመኪናዬ ኋላ አሰረው። ጨርቁ ወርዶ መብራቶቹን ድፍን አደረጋቸው።

«ጓድ፣ መብራቱን ሸፈነው፤ ትንሽ ከፍ አድርገን እንሰረው» አልኩት።

«ከፍ ካለ ጽሑፉ ይታጠፋል።»

«ቢቸና መግቢያው ላይ እንዘረጋዋለን።»

«መፈክር ማጠፍ ነው የፈለግኸው?» አለና ወደ ጫኞቹ ዞረ። «ስሙት እንግዲህ።»

ጫኞቹ መሬት መሬት አዩ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። «ተወው፣ እኔ ራቅ ብዬ እመጣለሁ።»

ካድሬው ይህንንም ሰማ። «መራራቅ የለም። ሕዝቡ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀን፤ ተከታትላችሁ ነው የምትገቡት።»

አጠገቤ ተቀመጠና ተነሳን። መንገዱን ሙሉ አንገቱን በመስኮት እያወጣ፣ ጓደኛዬ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር «ቀስ በል፣ ይድረስ» ይለኛል። ቢቸና ልንደርስ ስንል፣ ጥምዝ ላይ ከገበያ የሚመለሱ የተጫኑ አህዮች መንገድ ገቡብኝ። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው አቧራና ጨርቅ እንጂ ምን ያያል? መጥቶ ገጨኝ።

ጓደኛዬን ከተጨፈለቀው ጋቢና ጎትተን አወጣነው። እግሩ ተሰብሯል። ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር አስተኛነው። እኛ እሱን ስንሸከም ካድሬው ምን ይሠራ ነበር? ጨርቁን ይፈታ ነበር። አጣጥፎ ከወንበር ሥር ከተተው።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ቀድሞ የተናገረውም እሱ ነው። «የኋላ መብራቱ አይሠራም። የቆየ ብልሽት ነው፣ ማህበሩ ሁሉ ያውቃል።»

ማህበሩ ሁሉ ማወቁ እውነት ነው። ውሸቱን ያጸናለትም ይኸው ነው። ደሜ ፈላ።

«አስር አለቃ፣ ከኋላ ይቁሙልኝ» አልኩ። ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ተሰብሯል፤ አንዱ ግን ደህና ነው። ጋቢና ገብቼ ፍሬኑን ረገጥኩ። «ምን ይታያል?»

ፖሊሱ ወደ መብራቱ ጎንበስ አለ።

«በራ» አለ ጓደኛዬ፣ ከተኛበት ዛፍ ሥር።

ለቀቅሁት።

«ጠፋ።»

ፖሊሱ ካድሬውን አየው። ከዚያ «በመብራት ጉድለት» ብሎ ጻፈና መንጃ ፈቃዴን ወሰደ። ሰው ዓይኑ ያየውን እንዲህ አድርጎ ይክዳል?

የጓደኛዬ እግር ጠማማ ሆኖ ዳነ፤ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። እኔንም መብራት ሳያሠራ ሰው ያሰበረ እያሉ ያሙኝ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ አይቷላ።

ሌላ ዓመት፣ እህል ተሸካሚ ሆኜ ሳለሁ፣ ቢቸና ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። ያ ጨርቅ ከኋላው ታስሯል። የመብራቱ ስባሪ የቀደደው ቦታ በጥሩ ክር ተሰፍቷል። አሁንም እታች ድረስ ወርዷል። ወደ ሾፌሩ ሄድኩ፤ ገና ወጣት ነው።

«ወንድሜ፣ መብራትህን ሸፍኖታል» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ።